በሹክሹክታ የሚገዛ መድኃኒት
ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ሲል ድሮ ሽቶና ጫማ ነበር የሚታዘዘው። አሁን «ቦሪክ አሲድ» የሚሉ ሴቶች እየሰማሁ ነው። በብልት የሚገባ ካፕሱል ነው፤ ቲክቶክ ላይ ያዩታል፤ ሽታ ያጠፋል፣ ፒኤች ያስተካክላል ይባልለታል። ካፕሱሉን አልጠላውም። ደስ የማይለኝ ከምርመራ ቀድሞ መምጣቱ ነው።

በሕክምናው ተራው የመጨረሻ ነው። የተለመደው የፈንገስ መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር፣ በተለይ ካንዲዳ ግላብራታ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ 600 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ለ14 ቀን ይታዘዛል። እየተመላለሰ ለሚያስቸግር የባክቴሪያ መዛባት ደግሞ ከሜትሮኒዳዞል ቀጥሎ ለ21 ቀን። በአፍ ከተዋጠ መርዝ ነው፤ በረሮ ማጥፊያ ውስጥ የሚገባው ያው ዱቄት ነው። ነፍሰ ጡር አትጠቀመውም። መልኩ ግን ከሚዋጥ ካፕሱል ስለማይለይ ልጅ ባለበት ቤት ኮመዲኖ ላይ አይቀመጥም።

«ፒኤች ያስተካክላል» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ጤነኛ ብልት ላክቶባሲለስ በሚባሉ ባክቴሪያዎች የራሱን አሲድ ይሠራል፤ የአሲዱ ልኬት፣ ማለትም ፒኤቹ፣ ከ3.8 እስከ 4.5 ነው። (የራሱ ጠረንም አለው፤ ይህን የሚነግረን ሻጭ የለም።) ልኬቱ ከዚያ ካለፈ የባክቴሪያ መዛባት ወይም በወሲብ የሚተላለፈው ትሪኮሞናስ ይጠረጠራል። ፈንገስ ግን ልኬቱ ሳይዛባም ይራባል። ስለዚህ ፈንገስ ያሳከካት ሴት የሚስተካከል ፒኤች ላይኖራት ይችላል። የሦስቱም ሕክምና ለየቅል ነው። ትሪኮሞናስ ከሆነ ባልየውም ካልታከመ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለማየት ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ሴቷ ምርመራው ጋ እስክትደርስ ነው ጣጣው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ መድኃኒት ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ አንዲት ወጣት ነበረች። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ «ያን... ባለፈው የሰጠኸኝን» አለች። ሻጩ ጮክ ብሎ «ሜትሮ ነው አይደል፣ እህቴ?» አላት። ከኋላዬ ጎረምሶች ቆመዋል። ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች። መድኃኒቱ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ወጣ። ያሳክክሻል ወይ፣ እርጉዝ ነሽ ወይ ያላት የለም። እኔስ በዚያ ሕዝብ መሀል ብጠየቅ እመልስ ነበር?

ሕመሙ የተመላለሰባት ሴት ብዙ ልትጠየቅ ይገባ ነበር። ስኳር ተለክተሽ ታውቂያለሽ? ጉሮሮሽን ባመመሽ ቁጥር አሞክሳሲሊን እየገዛሽ ትውጫለሽ? በሎሚ ወይም በሳሙና ውስጥሽን ታጥቢያለሽ? ስኳርም አንቲባዮቲክም ፈንገስ እንዲራባ መንገድ ይከፍታሉ፤ ውስጥን ማጠብ ደግሞ ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ያወጣል። ወይባ ጢስም ለገላ ደስ ይል ይሆናል፤ ኢንፌክሽን ግን አያድንም።

ለመመርመር ከተማው ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ከደቅ ደሴት በጀልባ ለምትመጣ ግን ጉዞው ቀኗን ይበላል፤ ማሳከክ ብላ አትነሳም። ጤና ጣቢያዎች ላቦራቶሪ በሌለበት በምልክት ብቻ የሚያክሙት ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ነውና አልነቅፍም። መድኃኒት ቤቶች ግን ጥግ ላይ አንድ ወንበርና መጋረጃ ቢያኖሩ ምን ያከስራቸዋል? የመጋረጃውን ጨርቅ እኔ እችላለሁ።