የተናደ አፈር ተመልሶ አይነበብም

በገጠር ቀበሌዎች እርከን ሲሠራ፣ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ወይም የመስኖ ቦይ ሲቀደድ ገል፣ አጥንትና የጥንት ገንዘብ መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ባለፈው በጋ በተገኘሁበት አንድ የኩሬ ቁፋሮ ላይም አንድ ሙሉ ማሰሮ ወጣ። ማሰሮው ታጥቦ ለእንግዳ እንዲታይ ተቀመጠ፤ የወጣበት አፈር ግን በአካፋ ተዝቆ በኩሬው ዳርቻ ተከመረ። ደብተሬ በእጄ ነበር፤ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም። ይህን አስተያየት እንዳቀርብ ያነሳሳኝ ይኸው ነው።

በኮሌጅ ሳለን የአፈርን ጠባይ ለማጥናት ጉድጓድ ቆፍረን፣ ግድግዳውን ፍቀን፣ የየንብርብሩን ቀለም መንሰል ከሚባለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር እያመሳከርን እንመዘግብ ነበር። የጥንት ቅርስ አጥኚዎችም በዚሁ ሰንጠረዥ ይጠቀማሉ። ልዩነቱ እኛ ነገ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ስንችል እነርሱ የቆፈሩትን መልሰው ሊቆፍሩት አለመቻላቸው ነው። ስለዚህ ቦታውን በችካልና በሲባጎ ይከፋፍላሉ፤ ለያንዳንዱ ንብርብር ቁጥር ይሰጣሉ፤ አፈሩን በወንፊት ይነፋሉ፤ የተገኘውን ዕቃ የቦታውና የንብርብሩ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ያኖራሉ፤ የግድግዳውንም ገጽ በልኬት ይነድፋሉ።

ጥልቀት ብቻውን ዕድሜን አይናገርም። እህል ለማኖር የተቆፈረ ጉድጓድ የኋላ ዘመን ገልን ከቀደመው ዘመን አፈር በታች ሊያወርደው ይችላል። ይህን የሚለየው የአፈሩን ቀለም ለውጥ አይቶ የጻፈ ብቻ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደሆናት የታወቀው ከነበረችበት ንብርብር በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ ነው። በአክሱም አካባቢ ከማሳ ላይ የሚለቀም ገንዘብም ንጉሡን ይነግረናል፤ ካልተነካ ወለል ሥር ሲገኝ ግን ወለሉ ከገንዘቡ በፊት እንዳልተሠራ ጭምር ይመሰክራል።

ታዲያ ገበሬው ያገኘውን ለምን ይደብቃል? ማሳዬ ይወሰዳል፣ ሥራዬ ይቆማል ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ስጋቱም ከንቱ አይደለም፤ ክረምት ማንንም አይጠብቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና ቅርሱን እንዳለ እንዲጠብቅ ሲያዝ፣ ላስረከበው ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውም ደንግጓል። ለገበሬው ግዴታውን ብቻ ነግረን መብቱን ብንሸሽግ ትክክል አይሆንም።

በእኔ አስተያየት እያንዳንዱ የልማት ሠራተኛ ይህን ሊማር ይገባዋል። ዕቃ ሲታይ ቁፋሮው ወደ ሌላው ጎን ይዛወር፤ ዕቃው አይነሳ፣ አይታጠብ። ከመሬቱ ገጽ ያለው ጥልቀት በሜትር ተለክቶ፣ የአፈሩ ቀለምና ቀኑ ተጽፎ፣ ለቀበሌውና ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ይነገር። የሚመለከተው ክፍልም በጊዜ ባለሙያ ሊልክ ይገባል፤ ገበሬው ወር ሙሉ ቆሞ መጠበቅ የለበትም።

ማሰሮው ዛሬም በመደርደሪያ ላይ ነው። ስንት ዘመኑ ነው ቢባል የሚመልስ የለም። መልሱን በአካፋ የዛቅነው እኛው ነን።