አጋሩ ሲወጣ ሥራውን ማን ይረከባል?

በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ በውኃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች ከምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህች ትንኝ በደረቅ ወራትም ስለምትራባ፣ መልካ ጀብዱን በመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ውኃ በበርሜል የሚያጠራቅሙ ነዋሪዎች ዓመቱን ሙሉ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። የአጋር ድርጅቶች ድጋፍ ግን የጊዜ ገደብ አለው።

በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም፣ በዚሁ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ወጪን መቆጣጠር ብቻውን ግን አይበቃም። አስተዳደሩ ለአጋሮች የቀበሌ መረጃና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ትብብር በወቅቱ ማቅረብ፣ ውል ሲገባም ሥራውን ማን እንደሚረከብና በየትኛው በጀት እንደሚቀጥል አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። ያለ ርክክብ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ፣ በየቤቱ በርሜሎችን የሚከታተል ባለሙያ አይኖርም።