የቤተ ሰብ ምክር፤ ስለ አደጋ ማስጠንቀቂያ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ጎርፍንም የመሬት መናድንም አስቀድሞ ዐውቆ ለሚጠነቀቅ ቤተ ሰብ ኹሉ የሚስማማ ነው።

ቀድሞ በአገራችን የመንግሥት ቃል በነጋሪት ይታወጅ ነበር፤ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስም ጎረቤት በጥሩምባና በእሪታ ይጠራራል። ዛሬ ደግሞ በከተማ ዐደባባይ ስክሪን የሚባል በኤሌክትሪክ የሚበራ ትልቅ ሰሌዳ ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ በተከፈተው በአዲስ አበባው መስቀል ዐደባባይ የቆሙትን ያየ ሰው፣ እንዲህ ያለው ሰሌዳ በዓልና ማስታወቂያ ከማሳየት ሌላ በክፉ ቀን ነፍስ ለማዳን ሊያገለግል እንደሚችል ለመረዳት አይቸገርም። ባንድ ጊዜ ለብዙ ሕዝብ ይናገራልና፤ ጆሮው የማይሰማ ሰው እንኳ ያየዋል።

ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ማለት «አደጋ መጣ» ማለት ብቻ ሳይኾን «ወዴት ሂዱ» ማለት ጭምር ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ሰዎችን በቀበረ ጊዜ፣ ጎረቤቶች ወገናቸውን ለማውጣት ተሰብስበው ሲቆፍሩ ኹለተኛው ናዳ ደርሶ ብዙዎቹን ቀበራቸው፤ ከ200 የሚበልጥም ሰው ሞተ። የልማዳችን ጩኸት ሰውን ወደ አደጋው ይጠራል፤ መልካም ማስጠንቀቂያ ግን ከአደጋው ያርቃል።

እስቲ ይህን በጎብዬ እንመልከተው። ጎብዬ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በራያ ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉት የዚያ አገር ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ወርደው ወደ ምሥራቅ ይፈሳሉ። ደጋው ሲዘንብ የሜዳው ሰማይ ጥርት ያለ ሊኾን ስለሚችል፣ ከብት የሚነዳው ልጅና ከገበያ የምትመለሰው እናት በደረቁ አሸዋ ላይ ሳሉ ደራሽ ውሃ ሊመጣባቸው ይችላል። እንግዲህ በጎብዬ ገበያ ሰሌዳ ቢቆም፣ «ዝናብ አለ» ብሎ መጻፉ አይበቃም፤ «ደጋው ዘንቧል፤ ወንዝ አትሻገሩ፤ ከብቱን ወደ ከፍታ አውጡ» ብሎ በፊደል፣ ማንበብ ለማይችለውም በሥዕል ሊናገር ይገባዋል።

ደግሞም ሰሌዳው መብራት ሲጠፋ ድዳ ይኾናል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ ጦርነት በነበረ ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጦ እንደ ነበር የሚዘነጋ የለም። ስለዚህ ሹማምንት አዲሱን ሰሌዳ ሲያስተክሉ የዕድሩን ጥሩምባ ነፊ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወልና የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ አይናቁ።

በጃፓን አገር ከ2000 ዓ.ም. ዠምሮ የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ ለሕዝብ ኹሉ ይነገራል። መሣሪያው ቀድሞ የሚደርሰውን ቀላል ንቅናቄ ይዞ ብርቱው ሳይደርስ ስለሚናገር፣ የሚገኘው ፋታ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ይህች አጭር ፋታ የምትጠቅመው ልጆቹ ከጠረጴዛ ሥር መጠለልን አስቀድመው በትምህርት ቤት ስለሚለማመዱ ነው።

እንግዲህ የቤት አባትና የቤት እመቤት ዛሬ ማታ ልጆቻቸውን ሰብስበው ይምከሩ፤ ጎርፍ ቢመጣ ወደ የትኛው ጉብታ እንወጣለን? አያትን የሚደግፍ ማን ነው? ብንለያይ የት እንገናኛለን? በከተማ በሹመት የሚኖረውም ሰው ማስጠንቀቂያ ባየ ጊዜ በአገር ቤት ላሉት ዘመዶቹ ሳይደውል አይለፍ። ያልተመካከረ ቤት የዐደባባዩን ጽሕፈት ቢያነብ እንኳ የሚያደርገውን አያውቅም።