ባትሪም ይጠማል

ምን አለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። ቁራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ ጎማና ብረት እዚያ ይራገፋል፤ መዶሻና መቀስ ካረፈበት በኋላ ምድጃ፣ ባልዲና በረባሶ ሆኖ ለገበያ ይወጣል። ከቤታችን ከሚወጡት ዕቃዎች መካከል ግን አንዱ እንደ ቆርቆሮው የዋህ አይደለም፤ አሮጌ ባትሪ። የዚህ ወር ምክራችን ስለ እሱ ነው፤ ቤት ሳለ ዕድሜው እንዴት እንደሚረዝም፣ ሲያልቅለት ደግሞ እንዴት እንደምንሸኘው።

«እኔ ቤት ባትሪ የለም» ብለው ገጹን አይለፉት። መኪናዎ ውስጥ አለ። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑንና ዋይፋዩን የሚያቆየው ኢንቨርተር ሥር አለ። የጀነሬተሩም ማስነሻ እሱ ነው። በሪዞርቶች ግቢ እንግዳ የሚያመላልሱት ትንንሽ የጎልፍ መኪኖችም ብዙዎቹ የሚሄዱት በዚሁ ዓይነት ባትሪ ነው። አናቱ ላይ የሚከፈቱ ክዳኖች ካሉት ውሃ ይፈልጋል። ተዘግቶ የሚመጣው፣ በተለምዶ «ደረቅ» የምንለው ግን አይከፈትም፤ ለመክፈትም አይታገሉት።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ወደ 2 ቮልት ይሰጣል። በየክፍሉ ውስጥ የእርሳስ ዝርግ ሳህኖች በሰልፈሪክ አሲድና በውሃ ድብልቅ ተነክረው ይቀመጣሉ። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ከውሃው ጥቂቱ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተለውጦ በክዳኑ በኩል ይወጣል፤ ሙቀትም ያተነዋል። አሲዱ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው ውሃ ነው፤ የሚሞላውም ውሃ ብቻ ነው። «ባትሪው ደክሟል፣ አሲድ ይጨመርበት» የሚለው የተለመደ ምክር ሳህኖቹን በቶሎ ያስበላል። ሳህኖቹ ከፈሳሹ በላይ ብቅ ብለው ከቆዩ ደግሞ የተጋለጠው ክፍል ይደርቅና ይጠጥራል፤ በኋላ ውሃ ቢያገኝም እንደ ድሮው አይሆንም።

የሚጨመረው በነዳጅ ማደያና በመለዋወጫ መደብር የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃም ሆነ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን ስላለበት ባትሪውን ይጎዳል። ሲገዙ ጽሑፉን አንብበው ያረጋግጡ፤ አሲድም እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነውና በዓይን አይለይም።

አሞላሉ እንዲህ ነው። የኢንቨርተሩን በየወሩ፣ የመኪናውን ቢያንስ በየሰርቪሱ ይፈትሹ። መጀመሪያ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት፤ ከዚያ ቻርጀሩን ነቅለው ውሃውን ይጨምሩ። ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል ቀድመው ከሞሉት አሲዱ ገንፍሎ ይፈሳል። ሳህኖቹ ተጋልጠው ካገኟቸው ብቻ፣ እስኪሸፈኑ ድረስ ጥቂት ጨምረው ቻርጅ ያድርጉና የቀረውን በኋላ ይሙሉ። በባትሪው ጎን የዝቅተኛና የከፍተኛ ልክ መስመሮች ካሉ በመካከላቸው ይሁን፤ ከሌሉ ከሳህኖቹ በላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። እስከ አፉ አይሙሉት። በየሳምንቱ ውሃ የሚጠይቅ ከሆነ ቻርጀሩ ወይም የመኪናው ዲናሞ ከልክ በላይ እየሞላው ሊሆን ይችላልና ለኤሌክትሪሺያን ያሳዩት።

ሥራውን በቀን ብርሃን፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይሥሩት። መብራት ጠፍቷል ብሎ በሻማ ወይም በክብሪት ወደ ባትሪ ውስጥ ማየት ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ይፈነዳል። ቀለበትና አምባር ያውልቁ፤ መነጽርና የላስቲክ ጓንት ያድርጉ። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያጥቡት፤ ዓይን ከሆነ ከታጠበ በኋላ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ለወላጆች ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ የተረፈ አሲድ ቤት ውስጥ አይቀመጥ፤ በተለይ በመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ። የጠማው ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አይመረምርም። አንዴ ከተዋጠ ጉሮሮና ጨጓራ ያቃጥላል። እንዲህ ያለ አደጋ ከደረሰ ልጁን ለማስታወክ አይሞክሩ፤ አፉን አጉመጥምጠው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

እንክብካቤ ዕድሜ ያራዝማል እንጂ ባትሪን ዘላለማዊ አያደርገውም። ያለቀለት ቀን ቁራሌው ደጅ ላይ ይጣራል። ያን ጊዜ «አሲዱን እዚሁ ደፍተህ ውሰደው» አይበሉት፤ እርስዎም ግቢ ውስጥ ወይም ቦይ ውስጥ አይድፉት። አሲዱ ብቻውን አይፈስም፤ እርሳስ ይዞ ነው። ከባትሪ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው፤ የሚፈለገውም ለዚያ ነው። ያለ መከላከያ ሲሰበርና ሲቀልጥ ግን አቧራውና ጭሱ በአፈር ላይ፣ በሠራተኛው ልብስ ላይ፣ ከዚያም በልጆቹ እጅ ላይ ይቀራል። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር፣ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞተዋል፤ በሰፈሩ አሮጌ ባትሪ እየተፈታ እርሳሱ ይወጣ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንንሽ ልጆች ወደ አፋቸው ከገባው እርሳስ የሚቀበሉት መጠን ከአዋቂ 4 እና 5 እጥፍ ይደርሳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አይታወቅም።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። አዲስ ባትሪ ሲገዙ አሮጌውን የሚረከብ ሻጭ ይፈልጉና ሳይከፈት፣ ሳይሰበር፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ቀጥ አድርገው ያስረክቡት። የሚቀንሱልዎትን ዋጋም አስቀድመው ይጠይቁ። ከእርስዎ ቤት ተከፍቶ ያልወጣ አሲድ፣ ሌላው ሠፈር ያለ ልጅ የሚጫወትበትን አፈር አያገኘውም።