ሲሬ ኔትወርክ አለ፤ ታዲያ ምን ጎደለ?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን የሞላችው በራሷ እጅ አልነበረም። ስልኳ አሮጌ ነው፤ ገጹ እስከ ግማሽ ይከፈትና ይቆማል። ሦስት ቀን ሙሉ ፓኬጅ እየገዛች ሞከረች፤ ብሯ አለቀ እንጂ ፎርሙ አላለቀም። በመጨረሻ ጓደኞቿ እንዳደረጉት ወደ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ፓስወርዷን ለልጁ ሰጠችው። 50 ብር ተቀብሎ ሞላላት። ወረፋው ረጅም ስለነበር የተሞላውን ደግማ ለማየት ዕድል አላገኘችም። እናቷ ስለታመሙ ከቤት መራቅ አትችልም፤ ስለዚህ ነቀምቴ ያለውን ወለጋ ዩኒቨርሲቲን አንደኛ አድርግልኝ ብላው ነበር። በኋላ ሲጣራ ስድስተኛ ላይ ተቀምጧል።

ደወለችልኝ። አዲስ አበባ ቢሮዬ ሆኜ በዋይፋይ ገብቼ አስተካከልኩት። ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ከእሷ ኋላ ተሰልፈው የነበሩት ልጆች አዲስ አበባ የሚደውሉለት ዘመድ ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም።

ሲሬን ለማታውቋት፦ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ስትሄዱ ባኮን አልፋችሁ የምታገኟት የሲቡ ሲሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በቆሎ በሚሸጥበት ሰሞን መንገዱ በጭነት መኪና ይጨናነቃል። ኔትወርክ አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አለ» ነው። ስልኩም አናት ላይ ያሳያል። ሪፖርት ላይ «ተደራሽ» የሚባለውም ይኼው ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንቴና መቆሙና አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ፎርም መሙላት መቻሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ይደክማል፤ ማታ ሁሉም ስልኩን ሲከፍት ደግሞ ይጎተታል። ሁሉም ደህና ሲሆን ደግሞ ፓኬጁ አልቋል።

ስለ ዋጋ ዓለም የተስማማበት መለኪያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ግብ፣ መነሻ የሆነው የኢንተርኔት አገልግሎት ከአንድ ሰው አማካይ ወርኃዊ ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። «አማካይ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። የሲሬ ጉልት ቸርቻሪና የቦሌ ነጋዴ አንድ ላይ ተደምረው ሲካፈሉ የሚመጣው ቁጥር ቸርቻሪዋን አያውቃትም።

መንግሥት ለኢንተርኔት ገንዘብ አውጥቶ አያውቅም ማለቴ አይደለም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን፣ ስኩልኔት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በሳተላይት ያገናኝ ነበር። ታላላቆቻችሁ «ፕላዝማ» ሲሉ የሚስቁት በዚያ ጊዜ የመጣውን ቴሌቪዥን ነው። እኔ በተማርኩበት ክፍል ውስጥ ፕላዝማው ተቆልፎ፣ አቧራ ለብሶ ነበር፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ደመወዝ አልተያዘለትም። ዕቃ መግዛት ቀላሉ ሥራ ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። በየወሩ የሚከፈለውን ሒሳብ ግን ማንም ፎቶ አያነሳውም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ብዙ አገሮች ሁለንተናዊ የአገልግሎት ፈንድ የሚሉት ነገር አላቸው። የቴሌኮም ኩባንያዎች ከገቢያቸው ጥቂት ያዋጣሉ፤ ያ ገንዘብ ትርፍ ወደማያስገኙ ቦታዎች ይሄዳል። የሁለንተናዊ ተደራሽነት ሐሳብ በእኛም የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ውስጥ አለ። ዘርፉ ደግሞ ደሃ አይደለም። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ፉክክሩ በ2015 ሲጀመር ደስ ብሎኛል፤ ግን ፉክክር መጀመሪያ የሚሮጠው ብር ወዳለበት ነው፣ ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

ከአሜሪካ የምንማረው አለ፤ ከስህተቷም ጭምር። ከ2014 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ከኢንተርኔት ሒሳባቸው ላይ በወር እስከ 30 ዶላር፣ በቀደምት ነዋሪዎች መሬት ላይ ለሚኖሩት ደግሞ እስከ 75 ዶላር መንግሥት ይከፍልላቸው ነበር። ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ተመዘገቡ። ከዚያ የተመደበው ገንዘብ አለቀ፣ ኮንግረሱ ሌላ አልጨመረም፣ በግንቦት 2016 መጨረሻ ፕሮግራሙ ቆመ። የአንድ ጊዜ በጀት የአንድ ጊዜ ነገር ነው የሚያመጣው። እዚያም ቢሆን።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት ድጎማ ይሰጥ አልልም፤ አቅማችን አይፈቅድም። የምለው ትንሽ ነው። እንደ ሲሬ ባለ ከተማ ሁሉ አንድ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ክፍል ይኑር፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሁን የወጣት ማዕከል ውስጥ ግድ የለኝም። ጥሩ መስመር፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሶላርና ባትሪ፣ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ሰው፣ እስከ ምሽት የሚቆይ ሰዓት። ወርኃዊ ሒሳቡ ከፈንዱ ይከፈል፣ በጀቱም በየዓመቱ ይያዝ። ክፍል የምለው በምክንያት ነው። ወንዶቹ ማታ ማታ አንድ ሕንጻ አጥር ሥር ቆመው ዋይፋይ ይሰርቃሉ (እኔም ሰርቄአለሁ፣ አልዋሽም)። የአክስቴ ልጅ ግን ከመሸ በኋላ እዚያ አጥር ሥር መቆም አትችልም።

«ወለጋ ሰላምና ውኃ እያለ ኢንተርኔት ያምርሃል?» የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እናውቃለን። ግን በ2012 ምን እንደሆነም እናስታውስ። ከታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ወር ገደማ ቆየ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ ስለ በሽታው አንብበው መጠንቀቅ የሚገባቸው ሰዎች ከመስመር ውጭ ነበሩ። የተመለሰው መጋቢት 22 አካባቢ ነው። መስመሩ በማንኛውም ቀን የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ የሠራነው ክፍል ሌላ ፕላዝማ ይሆናል፤ ስለዚህ የፈንዱ ደንብ ሲጻፍ ይህም አብሮ ይጻፍ።

ዘንድሮም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች አሉ። የአክስቴ ልጅ ታናሽ እህት አንዷ ናት፤ ፓስወርዷን ከአሁኑ ልካልኛለች።