ምላጫችን የየት አገር ሰው ነው?

ዛሬ ስለ ምላጭ ልንጽፍ ነው። አዎ፣ በወረቀት ተጠቅልላ በፍሬ ስለምትሸጠው ስለዚያች ምላጭ! “አገሩ ስንት ጉዳይ እያለበት እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?” የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱን። ስለ ገዛ ጉንጫችሁ ነው የምናወራው።

ቡታጅራ ውስጥ ምላጭ የማይገባበት ቤት ያለ አይመስለንም። ፀጉር ቆራጩ ጢም ያስተካክልበታል፣ ልብስ ሰፊው ስፌት ይፈታበታል፣ ተማሪው ለሁለት ሰብሮ እርሳስ ይቀርጽበታል፣ እናቶቻችን ጥፍር ይቆርጡበታል። ለመስቀል ወይም ለአረፋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ሲጎርፍማ የፀጉር ቤቱን ወረፋ አያድርስ ነው። እናም ሁሉም “የኔ” የሚለው ምላጭ አለው። እኛም አለን፤ ስሙን ግን አንጠራም።

ይህ የምንወደው ምላጭ ከጊዜ ወዲህ ጠባዩ ተለወጠብን። ስሙ ያው ነው፣ ቀለሙም ያው ነው፣ ግን ይቧጥጣል። አንዱ ጓደኛችን “ፋብሪካው ቻይና ገብቷል” ይላል፣ ሌላው “ፎርጅድ ነው” ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ “የእናንተ ጢም ነው የጠነከረው” ብሎ ይስቅብናል። ባለሱቁን “ጋሼ፣ ይሄ ምላጭ የት ነው የሚሠራው?” ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ “ኦርጅናል ነው ወንድሜ!” የጠየቅነው አገሩን፣ የተመለሰልን ማዕረጉን!

ለነገሩ ባለሱቁ ላይ ብቻ አንፈርድም። በዛሬው ዓለም የምላጭ ስም አንድ ቦታ ተክሎ አይቀመጥም። አስትራን ውሰዱ። መነሻው ቼክ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ጂሌት ገዛው፣ ኋላም ምርቱ ወደ ሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደ። በ2005 ደግሞ ጂሌትን ራሱን ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ጠቀለለው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ይኸው ኩባንያ ሩሲያ ውስጥ አዲስ ኢንቨስትመንት ማቆሙንና የሚሸጣቸውን የምርት ዓይነቶች መቀነሱን አስታወቀ። ስሙ ግን ይህን ሁሉ አገርና ባለቤት ሲያልፍ አንድ ፊደል አልጎደለበትም። የኮሪያው ዶርኮም ቢሆን ቬትናም ውስጥ ፋብሪካ አለው።

ሩቅ ለምን እንሄዳለን? ኦሞ ከውጭ ሲመጣም ኦሞ ነበር፣ ዩኒሊቨር ዱከም ላይ ፋብሪካ ከከፈተ በኋላም ኦሞ ነው። እንዲያውም እኛ አገር የማንም የልብስ ዱቄት ሳሙና “ኦሞ” ነው፣ የማንም የጥርስ ሳሙና “ኮልጌት” ነው። ስም ላይ እንዲህ የምንታመን ሰዎች ነን እንግዲህ!

ነገር ግን የንግድ ምልክት የሚነግረን የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ነው፤ ብረቱ የት እንደተሳለ አይደለም። አንዳንድ አራዶች ደግሞ ባርኮዱን አይተው ይፈርዳሉ፦ “በ690 ከጀመረ የቻይና ነው፣ በ890 ከጀመረ የህንድ ነው።” ይሄም አያስኬድም። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የሚያሳዩት ኩባንያው ቁጥሩን ያወጣው በየትኛው አገር ጽሕፈት ቤት በኩል እንደሆነ ብቻ ነው። ዕቃው ሌላ አገር ተሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አገሩ የሚጻፈው የት ነው? ብዙውን ጊዜ ምላጮቹ በተደረደሩባት ትንሽዬ ካርቶን ላይ ነው። እኛ ግን የምንገዛው በፍሬ ነው! ካርቶኗ መደርደሪያ ላይ ትቀራለች፣ እኛ ስም የተጻፈባትን ወረቀት ይዘን እንሄዳለን። ብዙ የሚገዛው ሰው ሙሉ መረጃ ያገኛል፣ አንድ ፍሬ የሚገዛው ግን ስም ብቻ ይደርሰዋል። የድሃው ገዢ ጉንጭ ከሌላው በምን ያንሳል?

“የት ተሠራ” የምንለው ቻይናን ለመናቅ ወይም ጀርመንን ለማምለክ አይደለም። ምላጭ ውፍረቷ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ብረት ናት። ስለቷ የሚወሰነው በብረቱ ዓይነት፣ በእሳት በሚጠነክርበት መንገድ፣ በአሳሳሉና በላዩ በሚቀባው ስስ ልባስ ነው። ፋብሪካው ሲዛወር ይህ ሁሉ እንደነበረ ሊቀጥል ይችላል፣ ሊበላሽም ይችላል። ጥሩ ከሆነ የትም ይሠራ፣ ደስ ብሎን እንገዛለን። ተበላሽቶ ከሆነ ግን የፎርጅድ ሥራ ይሁን የፋብሪካው የራሱ ለይተን እንድናውቅ አድራሻው ይነገረን ነው የምንለው።

ይህ ደግሞ የእኛ ቅብጠት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ ዕቃው የተሠራበት አገርም መግለጫው ላይ እንዲጻፍ ደንግጓል። “ለአንድ ፍሬ ምላጭ አይሠራም” የሚል ነገር እዚያ ላይ አላየንም።

ስለዚህ አስመጪዎች ሆይ፣ የተሠራበትን አገርና የእናንተን ስም እያንዳንዷ ወረቀት ላይ አትሙልን። ባለሱቆቻችን፣ ካርቶኗን አትጣሏት፤ የጠየቀ ያንብባት። ፀጉር ቆራጮቻችንም መስታወታችሁ ሥር አስቀምጧት፣ ደንበኛ አይታችሁ አይሸሽም።

እኛስ? እኛ እንጠይቅ። ስለ ኤች አይ ቪ ለዓመታት ከተማርን ወዲህ ፀጉር ቤት ገብተን “ምላጩ አዲስ ነው?” ማለት ነውር መሆኑ ቀርቷል፤ ቆራጩም ሳንጠይቀው ፊታችን ላይ ይፈታዋል። ይህን ያስለመደው የብዙ ሰው ተደጋጋሚ ጥያቄ ነው። ሁለተኛዋን ጥያቄ መጨመር ምን ያቅታል? ከመርካቶ እስከ ቡታጅራ ሱቅ በደረቴ ተሸክሞ ንግድን የተማረ ሰው በሞላበት አገር፣ ነጋዴው ደንበኛ ደጋግሞ የጠየቀውን ነገር ሳይዝ አይቀርም።

ስሙንማ እናውቀዋለን። አገሩን ንገሩን!