የአይስላንድ ባንኮች ኪሳራና የእንግሊዝ አስተዳደሮች የፍርድ ቤት ክርክር

ላንድስባንኪ፣ ግሊትኒርና ካውፕቲንግ የተባሉት ሦስቱ ታላላቅ የአይስላንድ ባንኮች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲወድቁ ለጉዳት ከተጋለጡት መካከል የእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደሮች ይገኙበታል። 127 የአስተዳደር አካላት በባንኮቹና በብሪታኒያ በነበሩ እህት ኩባንያዎቻቸው ያስቀመጡት የሕዝብ ገንዘብ ከ950 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። የኬንት አስተዳደር ብቻ 50 ሚሊዮን ፓውንድ አስቀምጧል።

የገንዘቡን እጣ የወሰነው የገንዘብ ጠያቂዎች ቅደም ተከተል ነው። የአይስላንድ ፓርላማ ባንኮቹ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ከመዋላቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 2008 ባጸደቀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ፣ ባንክ ሲከስር ገንዘብ አስቀማጮች ከሌሎች ባለመብቶች ቀድመው እንዲከፈላቸው ደንግጓል። ቦንድ የገዙ ተቋማት ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። ሕጉ ወደኋላ ተመልሶ የንብረት መብታቸውን እንደሚነካ፣ የአስተዳደሮቹም ገንዘብ ተቀማጭ ሳይሆን ለባንኩ የተሰጠ ብድር እንደሆነ ተከራከሩ። ቦንዱ በተገዛበት ጊዜ ሁሉም እኩል ደረጃ ስለነበራቸው ክርክሩ መሠረት የለሽ አልነበረም። ለአስተዳደሮቹ ግን ልዩነቱ አብዛኛውን ገንዘብ በማስመለስና በማጣት መካከል ነበር።

የሬይክያቪክ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2011 ለአስተዳደሮቹ ፈረደ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ኦክቶበር 28 ቀን 2011 ውሳኔውን አጸና። ሆኖም የፍርድ መጽናት ወዲያው ክፍያ ማለት አልሆነም። የግሊትኒር ሒሳብ አጣሪዎች ክፍያውን በ2012 ቢፈጽሙም፣ ከፊሉ በአይስላንድ ክሮና ስለነበር በውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩ ሳቢያ ከአገር ሊወጣ አልቻለም። ላንድስባንኪ ደግሞ ንብረቱን እየሸጠ በየጊዜው ከፈለ።

የእንግሊዝ የኦዲት ኮሚሽን በ2009 ባደረገው ምርመራ፣ ሰባት አስተዳደሮች የባንኮቹ የብድር ደረጃ ተቀባይነት ከሌለው እርከን ከወረደ በኋላ ገንዘብ በማስቀመጣቸው ቸልተኞች ናቸው ብሏል። ኮሚሽኑ ራሱም 10 ሚሊዮን ፓውንድ በዚያው ቡድን ባንኮች ማስቀመጡ ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም።

አብዛኞቹ አስተዳደሮች በላንድስባንኪ ላይ የቀራቸውን የመጠየቅ መብት በ2014 መጀመሪያ በጨረታ ሸጡ። ባንኩ ቅድሚያ ላላቸው ባለመብቶች ክፍያውን ያጠናቀቀው በ2016 ነበር።